በባዕድ አገር የደከመ ሰው የጡረታ መብቱ በአገሩ እንዳይጠፋ

ሰው ጉልበት ሳለው የሚሠራው ለዕለት እንጀራው ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱ ሲደክም፥ ዓይኑም ሲፈዝ የሚደገፍበትን ምርኩዝ አስቀድሞ ለማዘጋጀት ጭምር ነው። በቀድሞው ዘመን የአባቶቻችን ምርኩዝ ልጅና መሬት ነበር። ልጅ ያረሰውን አባት ይበላ ነበር፤ አባትም ሲሞት እናት በልጇ ቤት በክብር ትቀመጥ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ብዙው ልጅ አገሩን ለቆ ባሕር ማዶ ሄዷል፤ የጉልበቱም ፍሬ በባዕድ መንግሥት መዝገብ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቁጥር ጊዜው ሲደርስ እንጀራ እንዲሆን ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ሁለተኛውም በትውልድ አገር የሚጠበቅ የታመነ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም በእኛ ዘንድ ገና አልተሟሉም። ጉድለቱ በወለጋ ከተሞች በጉልህ የሚታይ ስለ ሆነ፥ ነቀምትንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች አብነት አድርገን ነገሩን እንመረምራለን።

አስቀድሞ ማኅበራዊ ዋስትና የሚባለው ነገር ምጽዋት አለመሆኑን ማስረዳት ይገባል። ሠራተኛው ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት ያዋጣል፤ አሠሪውም የድርሻውን ይጨምራል፤ መንግሥት ደግሞ የተዋጣውን በሕግ ይጠብቃል። ሠራተኛው ሲያረጅ ወይም አካሉ ሲጐድል ለራሱ፥ ሲሞትም ለሚስቱና ለልጆቹ በየወሩ አበል ይከፈላል። እንዲህ ያለውን የሽማግሌዎች ጡረታ በሕግ አስቀድማ ያቆመች ጀርመን ናት፤ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ነው። አሜሪካ በ1935 የራስዋን ሕግ አወጣች። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፥ የግል ድርጅት ሠራተኛውን የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 715 ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ዘግይቶ ነው የመጣው።

ዛሬ የሚሠራባቸው ዐዋጆች በ2014 ዓ.ም. የወጡት ናቸው፤ ቁጥር 1267 ለመንግሥት ሠራተኞች፥ ቁጥር 1268 ለግል ድርጅት ሠራተኞች። በእነዚህ መሠረት ከሲቪል ሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ከ10 ዓመት ያላነሰ ያገለገለና 60 ዓመት የሞላው ሰው፥ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ያገኝ ከነበረው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይከፈለዋል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱም ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል። ስለዚህ 25 ዓመት አገልግሎ አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው በወር 4,875 ብር ያገኛል ማለት ነው። ሲሞት ለባለቤቱ የዚህ አበል 50 በመቶ፥ ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ይተላለፋል። ይህ ሁሉ ግን በአገሩ ለተቀመጠ ሠራተኛ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ግማሽ ዕድሜውን በሰው አገር ላሳለፈው ሰው ያጥረዋል።

ወለጋ ከውጭ አገር ጋር የተገናኘችው ዛሬ አይደለም። በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል የጋምቤላ የንግድ ወደብ ከተፈቀደ በኋላ፥ የወለጋ ቡና በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። በዓለም ገበያም ይህ ቡና እስከ ዛሬ በነቀምት በቀድሞ ስሟ «ለቀምት» እየተባለ ይጠራል። ሰውም እንደ ቡናው ተጉዟል። አባ ገመቺስ የተባሉት ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፥ በ1862 ዓ.ም. በምጽዋ ነፃ ወጥተው፥ በስዊድን ተምረው፥ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጕመው በ1891 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላ፥ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምት መጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ አስተምረዋል። የስዊድን ሚስዮን በነቀምት፥ የአሜሪካ ሚስዮን በደምቢ ዶሎ፥ የጀርመን ሚስዮን በአይራ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት አቁመው ስለ ነበር፥ የእነዚህ የሦስቱ አገሮች ስም በወለጋ ልጆች ጆሮ እንግዳ አልሆነም።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደረሰው መከራ ብዙ የወለጋ ሰዎች በምዕራብ ድንበር ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከእነዚህም ብዙዎች ከሱዳን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። ዛሬ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ብዙ የኦሮሞ ተወላጆች የሚኖሩባት ክፍለ አገር ናት፤ በጀርመንና በስዊድንም እንዲሁ ብዙዎች አሉ። ከዚህ በኋላ ደግሞ ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሚሄዱ ወጣቶች ተጨመሩ። ስለዚህ በጊምቢ፥ በነጆ፥ በመንዲ፥ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ወንድም ወይም እኅት ውጭ አገር የሌለው ቤተ ሰብ ለማግኘት ይቸግራል። በስደት የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዛሬ ጠጉራቸው ሸብቷል፤ የጡረታ ዕድሜ ላይም ደርሰዋል። ስለ ሆነም ጥያቄው ለነገ የሚተው አይደለም።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በሚኖሩባቸው አገሮች ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። በአሜሪካ አንድ ሠራተኛ የእርጅና አበል ለማግኘት 40 የሥራ ነጥብ ማከማቸት አለበት፤ በአንድ ዓመት ከ4 ነጥብ በላይ ስለማይገኝ፥ ይህ የ10 ዓመት ሥራ ማለት ነው። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው አበሉን በኢትዮጵያ ተቀምጦ ሊቀበል ይችላል። ዜግነት የሌለው፥ በመኖሪያ ፈቃድ ብቻ የኖረ ሰው ግን 6 ወር ሙሉ ከአገሩ ውጭ ሲቈይ አበሉ ሊቋረጥበት የሚችልበት ደንብ ስላለ፥ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ጉዳዩን በዚያው መሥሪያ ቤት ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ከዚህ የሚከብደው የሚስትና የልጆች ነገር ነው። ባሏ በአሜሪካ ሠርቶ የሞተባት፥ ራስዋ ግን የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነች ሴት፥ በውጭ አገር ተቀምጣ የሟችን አበል ለማግኘት በጠቅላላው በአሜሪካ ከባሏ ጋር 5 ዓመት የኖረች መሆን አለባት። ልጆቿን ለማሳደግና የባሏን ወላጆች ለመጦር በነጆ የቀረች ሴት ይህን ልታሟላ ከቶ አትችልም። ባሏ 30 ዓመት ቢያዋጣም ለእርስዋ የሚደርሳት የለም። ይሁን እንጂ ይህ የ5 ዓመት ግዴታ ከአሜሪካ ጋር የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ያደረጉ አገሮች ዜጎችን አይዛቸውም። እንግዲህ የነጆዋን ሴት ከአበሏ የከለከላት የባሏ ስንፍና አይደለም፥ የአሜሪካም ሕግ ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ በሁለቱ መንግሥታት መካከል መፈረም የነበረበት አንድ ወረቀት አለመፈረሙ ነው።

በጀርመን 60 ወር ያዋጣ ሰው የእርጅና ጡረታ መብት አለው፤ ይህን ያህል አዋጥቶ ለሞተ ሰውም ሚስቱ የሟች አበል መጠየቅ ትችላለች። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነና ከጀርመን ጋር ስምምነት የሌለው አገር ዜጋ አገሩን ለቆ 24 ወር ከሞላው ያዋጣው ገንዘብ እንዲመለስለት ለመጠየቅ ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን የሚመለሰው ከራሱ ደመወዝ የተቆረጠው ብቻ ነው፤ አሠሪው የከፈለለት አይመለስም፤ ገንዘቡን ከተቀበለም በኋላ የጡረታ መብቱ ሁሉ ይሰረዛል። ብዙ ሰው የጥሬ ገንዘቡን ብዛት አይቶ የዕድሜ ልክ አበሉን በአንድ ቀን ይሸጣል። በስዊድን ደግሞ በሥራ የተገኘው ጡረታ ባለመብቱ በየትም አገር ቢኖር ይከፈለዋል፤ ለድኾች ሽማግሌዎች የሚሰጠው የዋስትና ጡረታ ግን ሙሉ የሚሆነው 40 ዓመት በዚያው ለኖረ ሰው ሲሆን፥ ከአውሮፓ ወጥቶ ወደ ነቀምት ለሚመለስ አይከፈልም። በዕድሜው ገፍቶ የሄደ ስደተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖርበት ይህ ሁለተኛው ስለ ሆነ፥ በአገሩ አፈር ለመቀበር የሚመኝ ሽማግሌ ወይ እንጀራውን ወይ አገሩን ለመምረጥ ይገደዳል።

አሁን ደግሞ በመካከል የወደቀውን ሰው እናስብ። አንድ ሰው በጊምቢ 8 ዓመት በመምህርነት አገልግሎ፥ ወደ አሜሪካ ሄዶ 8 ዓመት ሠራ እንበል። ከዚያ በኋላ በእርጅና ወይም በሕመም ምክንያት ወደ አገሩ ተመለሰ። የአገራችን ሕግ 10 ዓመት ይጠይቃል፤ እርሱ ያለው 8 ነው። የአሜሪካ ሕግ 40 ነጥብ ይጠይቃል፤ እርሱ ያለው 32 ነው። አገራችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ትላለች፤ ይህ ሰው ግን ሁለት ባላ ተክሎ በአንዱም ሳይንጠለጠል ቀረ። 16 ዓመት ሙሉ ለሁለት መንግሥታት አዋጥቶ ከሁለቱም የወር ጡረታ አላገኘም።

ለዚህ ችግር ሌሎች መንግሥታት መድኃኒት አግኝተውለታል። መድኃኒቱ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ይባላል፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ሁለቱ አገሮች የሠራተኛውን ዘመን ይደምሩለታል፤ 8 እና 8 ተደምሮ 16 ይሆናል፤ በሁለቱም አገር መብቱ ይከፈትለታል። ነገር ግን እያንዳንዱ መንግሥት የሚከፍለው በእርሱ ዘንድ ለተሠራው ዘመን ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ አሜሪካ ለተሠራው አትከፍልም፤ አሜሪካም ጊምቢ ለተሠራው አትከፍልም። አሜሪካ ቢያንስ 6 የሥራ ነጥብ ያለውን ሰው በእንዲህ ያለ ስምምነት ትቀበለዋለች። የመጀመሪያውን ስምምነት ከኢጣልያ ጋር በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሥራ ላይ ካዋለች ወዲህ፥ የተስማሙዋት አገሮች ቁጥር ወደ 30 ደርሷል፤ ከአፍሪካ ግን አንድም የለም። ጀርመን ከሞሮኮና ከቱኒዚያ ጋር፥ ስዊድንም ከሞሮኮና ከኬፕ ቨርዴ ጋር ተስማምተዋል። ኬፕ ቨርዴ ከአንድ የወለጋ ዞን የማትበልጥ ሕዝብ ያላት የደሴቶች አገር ናት፤ እርስዋ የቻለችውን እኛ የማንችልበት ምክንያት አይታይም። የዓለም የሥራ ድርጅትም፥ ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባሉ የሆነችበት፥ የስደተኛ ሠራተኞች የዋስትና መብት ከአገር ወደ አገር እንዳይቋረጥ በ1962 እና በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለት ስምምነቶችን አውጥቷል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው፤ የጐደለው ተጓዥ ነው።

ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱት ልጆቻችን ነገር ከዚህም ይብሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው ሰው መብቱ በመንገድ ላይ ይጠፋበታል፤ በእነዚህ አገሮች የቤት ሠራተኛ የሆነችው ልጅ ግን መብቱ ከመጀመሪያውም አልተሰጣትም። በ1946 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከውስጡ አውጥቷል፤ የሳውዲ ዓረቢያም የሥራ ሕግ እንዲሁ ነው። በሳውዲ ዓረቢያ ለቤት ሠራተኞች በተለየ በወጣው ደንብ፥ አንዲት ልጅ 4 ዓመት በተከታታይ ብታገለግል የምታገኘው የስንብት ገንዘብ የአንድ ወር ደመወዝ ነው። መንግሥታችን በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ማገዱ፥ በዚያው ዓመት ከ160,000 በላይ ሰዎች ከሳውዲ ዓረቢያ መመለሳቸው፥ ከዚያም በ2008 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 923 ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. በቁጥር 1246 መሻሻሉ ይታወሳል። ከሳውዲ ዓረቢያ፥ ከዮርዳኖስና ከቀጠር ጋር የተደረጉት ውሎች ስለ ምልመላና ስለ ደመወዝ የሚናገሩ ናቸው፤ በእርጅና ጊዜ ስለሚሆነው ነገር ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል።

እዚህ ላይ የፊሊፒንስን አብነት መጥቀስ ይጠቅማል። ይህች አገር እንደ እኛ ብዙ ልጆቿን ወደ ዓረብ አገሮች የምትልክ ናት። በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ በውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎቿ ሁሉ በአገራቸው የማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ እንዲገቡ አድርጋለች። የአሠሪው አገር ባይከፍል እንኳ ሠራተኛዋ ከምትልከው ገንዘብ ጥቂቱን ለራስዋ እርጅና በአገርዋ ታስቀምጣለች። ከመንዲ ወደ ሪያድ የሄደች ልጅ ለእናትዋ ቤት፥ ለወንድምዋ ትምህርት፥ ለሰርግና ለሐዘን ትልካለች፤ ለራስዋ ግን የምታስቀምጥበት የታወቀ በር የለም። ባዶ እጅዋን በ40 ዓመትዋ ስትመለስ ማን ይጦራታል? የእኛም ሕግ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲገቡ በ2003 ዓ.ም. በር የከፈተ ስለ ሆነ፥ ያንኑ በር በውጭ አገር ላሉት ማስፋት አዲስ ነገር መፍጠር አይሆንም።

በሌላም በኩል መንግሥት ያደረገው መልካም ነገር መዘንጋት የለበትም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 270፥ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአገሩ ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ እንዲሠራ፥ በጡረታ ሕግም እንደ ባዕድ ሳይቈጠር እንዲገባ መብት ሰጥቶታል። ከሚኒሶታ ተመልሶ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም በነቀምት ሐኪም ቤት የሚቀጠር ሐኪም የጡረታ መዋጮ እንዲቆረጥለት ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ቀጣሪው መሥሪያ ቤትም «አንተ ባዕድ ነህ» ብሎ ሊመልሰው አይገባም። ይህን ዐዋጅ አውቆ የሚሠራበት የሠራተኛ አስተዳደር ሹም ግን በሁሉም ቦታ አይገኝም።

እስከ አሁን የተናገርነው የመንግሥታት ሥራ ነው፤ አሁን ደግሞ በየከተማው ወዳለው ሥራ እንመለስ። ስምምነት ሁሉ ቢፈረም፥ ሕግ ሁሉ ቢሟላ፥ የታመነ ጽሑፍ ከሌለ መብት አይገኝም። ካህናቱ የጦቢትን መጽሐፍ ያውቁታል። ጦቢት በሜዶን አገር በራጌስ ከተማ ከገባኤል ዘንድ አሥር መክሊት ብር አደራ አስቀምጦ ነበር። ዘመን አልፎ፥ ዓይኑ ታውሮና ደኽይቶ ሳለ ልጁን ጦብያን ላከው፤ ልጁም ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሄዶ ያ ብር ሳይጐድል ተመለሰ። ብሩ የተመለሰው ገባኤል ታማኝ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ጦቢት የአደራውን ጽሑፍ ጠብቆ አኑሮ ለልጁ ስለ ሰጠው ነው። በዘመናችን ራጌስ ሚኒያፖሊስ ናት፤ ስቶክሆልምም ናት፤ ብሩም በዚያ አለ፤ ጽሑፉ ግን በነጆና በነቀምት ጠፍቷል።

የጽሑፉ ጉድለት በብዙ መንገድ ይታያል። አንደኛው የስም ነገር ነው። በእኛ ልማድ ባል በአባቱ ስም፥ ሚስትም በአባትዋ ስም፥ ልጅ ደግሞ በዚያው በባልየው ስም ይጠራሉ። ስለዚህ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ሦስት ልዩ ልዩ የመጨረሻ ስም አላቸው። ለእኛ ይህ ግልጽ ነው፤ በስቶክሆልም ወይም በበርሊን ላለው ጸሐፊ ግን ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች ይመስሉታል። በዚህ ላይ የአጻጻፉ ነገር ይጨመራል። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የኦሮምኛ ስሞች በላቲን ፊደል በራሳቸው ሕግ ይጻፋሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ በግምት ይገለበጡ ነበር። የ«ጨ» ድምፅ በአንዱ በአንድ ፊደል፥ በሌላው በሁለት ፊደል ይጻፋል፤ የ«ጠ» ድምፅም በሁለቱ በተለያየ ፊደል ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው የጋብቻ ወረቀትና ፓስፖርት የሁለት ሰው ይመስላሉ። የከተማዪቱ ስም እንኳ ለቀምት፥ ነቀምት፥ ነቀምቴ እየተባለ በተለያየ ዘመን በተለያየ መንገድ ስለ ተጻፈ የተወለደበትን ቦታ ማስረዳት ያስቸግራል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ዓመት ከአውሮፓውያን ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በ7 ዓመት፥ ከዚያ በኋላ በ8 ዓመት ያንሳል። በ1950 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በስደተኛ ጣቢያ ቍጥሩ ሳይገለበጥ እንዳለ ከተጻፈ፥ በወረቀት ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል፤ የልደቱን ቀን ያላወቀ ደግሞ በጃንዋሪ 1 ቀን እንደ ተወለደ ይጻፍለታል። የክርስትና ምስክር ወረቀቱ ሌላ ዓመት፥ የስደተኛ ወረቀቱ ሌላ ዓመት ሲናገር፥ የጡረታ መሥሪያ ቤቱ አታላይ አድርጎ ያየዋል። በጡረታ ነገር ዕድሜ ገንዘብ ስለ ሆነ የአንድ ዓመት ስሕተት የብዙ ወር እንጀራ ያሳጣል።

ሦስተኛው የማስረጃው አለመኖር ነው። የልደት፥ የጋብቻና የሞት መዝገብ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 760 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው። ይህ ዐዋጅ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን በኤምባሲዎችና በቆንሲል ጽሕፈት ቤቶች እንዲመዘገቡም ፈቅዷል። ዛሬ የጡረታ ዕድሜ ላይ የደረሱት ግን የተወለዱትና የተጋቡት ከዚያ ብዙ ዘመን በፊት ነው። ለእነርሱ ያለው ማስረጃ የቤተ ክርስቲያን የክርስትናና የተክሊል መዝገብ፥ የወንጌላውያን ጉባኤ መዝገብ፥ ወይም የሸሪዓ ፍርድ ቤት የኒካሕ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ በነቀምት ያለ አንድ ቄስ ወይም ቃዲ በሣጥኑ ውስጥ ያኖረው አሮጌ ደብተር፥ በበርሊን የአንዲት መበለት እንጀራ ሊሆን ይችላል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው በዚህ ነገር ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል።

በቅርብ ዓመታት በወለጋ የደረሰው የጸጥታ መታወክ ይህን ችግር አባብሶታል። ቤታቸውን ጥለው የሸሹ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው አልሸሹም። ከ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን ጀምሮ እስከ መጋቢት ወር ድረስ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከጀርመንና ከስዊድን ጡረታ የሚቀበል ሰው በሕይወት መኖሩን የሚያስረዳ ወረቀት በየዓመቱ አስፈርሞ መላክ አለበት፤ የአሜሪካም መሥሪያ ቤት እንዲሁ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይጠይቃል። ወረቀቱ ባይደርስ አበሉ ይቆማል። ሰውዬው በሕይወት ሳለ በመዝገብ ላይ እንደ ሞተ ይቈጠራል ማለት ነው። መንገድና ስልክ ለጡረተኛው የመድኃኒት ያህል አስፈላጊ መሆናቸውን ይህ ያስረዳል።

አንዳንድ ሰው «ውጭ አገር ያለው ዶላር አለው፤ እኛ ለራሳችን ድኻ ሳናስብ ስለ እርሱ ለምን እንጨነቃለን?» ይል ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ በሁለት ምክንያት ትክክል አይደለም። አንደኛ፥ በውጭ አገር ያለው ሰው አብዛኛው ባለጠጋ አይደለም፤ በሐኪም ቤት የሚያጸዳ፥ በሌሊት መኪና የሚነዳ፥ የሰውን ሽማግሌ የሚያጥብ ነው። ሁለተኛ፥ የእርሱ ጡረታ ወደ ወለጋ ቢመጣ የሚበላው በወለጋ ነው። ከውጭ የሚመጣ የወር አበል በነቀምት ገበያ ጤፍ ይገዛል፥ የጐረቤትን ልጅ ያስተምራል፥ የአገርንም የውጭ ምንዛሪ ይጨምራል። ሽማግሌው በመንግሥታችን ላይ ሸክም ሆኖ አይመጣም፤ ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው። ስንቁን በመንገድ ላይ የሚያስቀረው የእኛ ቸልተኝነት ከሆነ ግን የምንከስረው እኛው ነን።

ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች እንዲታሰቡ እናሳስባለን። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሁለቱ የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሮች ልጆቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው አገሮች፥ ይልቁንም ከአሜሪካ፥ ከጀርመንና ከስዊድን ጋር ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ንግግር ቢጀምሩ መልካም ነው። ከዓረብ አገሮች ጋር የሚደረጉት የሥራ ውሎችም በሚታደሱበት ጊዜ የስንብት ገንዘብና የጉዳት ካሣ በግልጽ እንዲገቡባቸው ማድረግ ይገባል። በውጭ ያለው ሠራተኛ በፈቃዱ ወደ አገሩ የጡረታ ፈንድ የሚያዋጣበት ደንብም ሊወጣ ይችላል።

በየወረዳውና በየቀበሌው ያሉ የመዝገብ ሹማምንት የልደትንና የጋብቻን ወረቀት ሲሰጡ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፥ ስሙንም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አስተያይተው ቢጽፉ፥ ሁለት አጻጻፍ ያለውን ስም የአንድ ሰው መሆኑን በማኅተም ቢያረጋግጡ፥ ብዙ እንግልት ይቀራል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትጋትን ብቻ ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያም አንድን ሰው በአንድ ቁጥር ስለሚያሳውቅ ለዚህ ሥራ ታላቅ ረዳት ይሆናል።

ካህናት ደግሞ የአጥቢያቸውን የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ ከእሳት፥ ከዝናብና ከአይጥ ጠብቀው፥ ግልባጩን በሌላ ቦታ ቢያስቀምጡ፥ የማያውቁትን ድኻ ይጦራሉ። የኦርቶዶክስ፥ የመካነ ኢየሱስና የካቶሊክ አገልጋዮች፥ የእስልምና አባቶችም በዚህ ሥራ ልዩነት የላቸውም፤ መበለት የማናቸውም ቤት ሰው ናትና። በስብከታቸውም ላይ፥ ወደ ውጭ የሚሄደው ልጅ የመዋጮ ቁጥሩን ለሚስቱና ለወላጆቹ እንዲያስታውቅ፥ የደመወዝ ወረቀቱን እንዳይጥል፥ የተዋጣለትን ገንዘብ ሳይመክር አውጥቶ እንዳይበላ ቢመክሩት ምክራቸው ፍሬ ያፈራል።

አገር ልጆቿን የምታውቃቸው ገንዘብ በሚልኩበት ጊዜ ብቻ ከሆነ፥ ልጆቿም በእርጅናቸው አያውቋትም። በሰው አገር ጉልበቱን የጨረሰ ሰው የደከመበትን ይዞ ወደ ወለጋ ተራሮች ሲመለስ፥ ሹሙ ማኅተሙን፥ ካህኑም መዝገቡን አዘጋጅተው ሊቀበሉት ይገባል።